መጽሔቱን ከመቁረጣችሁ በፊት፦ የድሮ የኮምፒውተር መጽሔቶችን ኦንላይን ለማቆየት ምን ከምን ይሻላል?

አንድ ካርቶን የድሮ የኮምፒውተር መጽሔት እጃችሁ ገባ እንበል። አቧራ የጠጣ፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ፣ የአንዳንዱ ሽፋን የተላቀቀ። እንዲህ ዓይነት ካርቶን ያገኘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ልጫነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ ግን መጨረሻ ላይ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ነው። የጫናችሁበት ቦታ ባይመቻችሁ ነገ ሌላ ቦታ ትጭናላችሁ። የቆረጣችሁትን መጽሔት ግን መልሳችሁ አትሰፉትም። በዝቅተኛ ጥራት ስካን አድርጋችሁ ወረቀቱን ከጣላችሁት ደግሞ ያኔ ያልተነበበችው ነጥብ ከየትም አትመጣም።

ስለዚህ ምርጫዎቹን የደረደርኳቸው መመለሻ ከሌለው ጀምሬ፣ ሐሳብ መቀየር ወደሚቻልበት እየሄድኩ ነው።

ሌላ ሰው ሠርቶት እንደሆነስ?

ባይት መጽሔትን እንውሰድ። ከሴፕቴምበር 1975 እስከ ጁላይ 1998 ታትሟል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስካኑ ኦንላይን ሞልቷል። ካርቶናችሁ ውስጥ ያለው ባይት ብቻ ከሆነ፣ ምናልባት ሥራችሁ ስካን ማድረግ ሳይሆን ያለውን ስካን መፈተሽ ነው። ኦንላይን አለ ማለት ደህና ሆኖ አለ ማለት አይደለምና። ፋይሉን ክፈቱ፣ ወረቀቱን አጠገቡ አድርጉ፣ ገጽ በገጽ አስተያዩ። መሃል እጥፋቱ ጋ ያለው ጽሑፍ ተበልቷል? የፕሮግራም ኮዱ ሲያጎሉት ይነበባል? የማስታወቂያ ገጾቹስ አሉ?

ማስታወቂያ ላይ ትንሽ ልቁም። አንዳንዱ ሰው «ማስታወቂያ ለማን ይጠቅማል» ብሎ ይዘላቸዋል፣ ይኼን ሳይ ደሜ ይፈላል። ዛሬ እነዚህን መጽሔቶች የሚከፍት ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ማስታወቂያውን ነው። አንድ የኮምፒውተር ሚሞሪ ቦርድ በ1979 ስንት ይሸጥ እንደነበር፣ የትኛው ትንሽ ኩባንያ ምን አመርታለሁ ብሎ ምን ሳያወጣ እንደቀረ የሚነግረን ሌላ ሰነድ ላይኖር ይችላል። ጽሑፎቹ ቢያንስ በመጽሐፍ መልክ እንደገና የመታተም ዕድል ነበራቸው። ማስታወቂያዎቹ ያላቸው ያችን ገጽ ብቻ ነው።

በተቃራኒው ካርቶኑ ውስጥ የተጠቃሚዎች ክበብ ያሳተመው፣ በፎቶኮፒ የተባዛ፣ አሥራ ምናምን ገጽ ያለው መጽሔት ቢጤ ካገኛችሁ ባይቱን ተዉትና ከእሱ ጀምሩ። ባይት ብዙ ሺህ ቅጂ ሌላ ቦታ አለው። ያኛው ምናልባት የቀረው እናንተ ጋ ያለው ብቻ ነው።

መቁረጥ ወይስ አለመቁረጥ

የሚወስነው መጽሔቱ የተጠረዘበት መንገድ ነው። መሃሉ ላይ በሽቦ የተሰፋ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ሽቦዎቹን በቀስታ ቀና አድርጋችሁ ስታወጧቸው ወረቀቱ ሉክ በሉክ ይለያያል፤ ስካን ካደረጋችሁት በኋላ በዚያው ቀዳዳ መልሳችሁ ታስሩታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ እንዲህ በተሰፋ መጽሔት ላይ የፊትና የኋላ ገጾች በአንድ ሉክ ላይ ናቸው፤ ባለ 64 ገጽ እትም ላይ ከገጽ 2 ጎን የምታገኙት ገጽ 63ን ነው። ቅደም ተከተሉን ኮምፒውተሩ ላይ እስክታስተካክሉት ድረስ ጥቂት ራስ ያዞራል።

ጣጣው ጀርባው በሙጫ የተጣበቀው ጋ ነው። ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ጀርባውን በወረቀት መቁረጫ አንስቶ፣ ወረቀት እየሳበ በሚያነብ ስካነር ማሳለፍ ነው። በፍጥነት የሚወዳደረው የለም። ገጹም ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚያልፍ ጥርት ያለ ነው። ግን ሁለት በሽታ አለበት። አንዱ፣ ሁለት ወረቀት ደርቦ እየሳበ ገጽ ይዘላል። ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። አንዴ አንድ ሙሉ እትም አሳልፌ ከጨረስኩ በኋላ ሳየው፣ የስካነሩ መስታወት ላይ በዓይን የማትታይ የሙጫ ቅንጣት ተጣብቃ ኖሮ፣ ከገጽ 40 ጀምሮ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጭን መስመር ወርዶበታል። ወረቀቱን ስላልጣልኩት ደገምኩት። ብጥለው ኖሮ ያ መስመር የመጽሔቱ አካል ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ በየ20 እና 30 ገጹ እያቆማችሁ መስታወቱን ጥረጉ፣ ያነበበውንም አጉልታችሁ እዩት።

ሁለተኛው ጠፍጣፋ ስካነር ነው። መጽሔቱ አይቆረጥም፣ ግን ጊዜ ይበላል። አንድ ገጽ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ 300 ገጽ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ያውም እጃችሁ ሳይዝል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንዳንዱ የባይት እትም ከ500 ገጽ በላይ ነበር፤ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ስካነር ስትመርጡ ደግሞ ውስጡ ያለውን ሴንሰር ጠይቁ። ቀጫጭኖቹና ቀላሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሲአይኤስ የሚባለውን ነው የሚጠቀሙት፤ ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ይደበዝዝባቸዋል። ጀርባው ያልተቆረጠ መጽሔት ደግሞ መሃሉ ላይ ሁሌም ከፍ ይላል። ወፈር ያሉት፣ ሲሲዲ ያላቸው ስካነሮች ይሄ ብዙም አያስቸግራቸውም። ለተጠረዘ ነገር እኔ ሲሲዲ ነው የምለው፣ አሮጌም ቢሆን።

ሦስተኛው ካሜራ ከላይ ሰቅሎ ፎቶ ማንሳት። ለሚሰባበር ወረቀት ከዚህ የሚሻል የለም። ግን ብዙ ሰው የሚያልመውን ጥራት አይሰጥም። 6000 በ4000 ፒክስል የሚያነሳ ካሜራ፣ 17 ኢንች የሚሰፋውን የተከፈተ መጽሔት ጥንድ ገጽ ጫፍ እስከ ጫፍ ቢይዘው እንኳ የሚያወጣው 350 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያዝ የነጥብ ብዛት) ገደማ ነው። ገጽ በገጽ ብታነሱት ወደ 470 ከፍ ይላል። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ከሆነ ደግሞ መብራቱን ከሁለት ጎን በ45 ዲግሪ ገደማ አጋድማችሁ ካላቆማችሁት ነጭ ጸዳል ጽሑፉን ይውጠዋል።

የኔ ፍርድ ይሄ ነው። ሌላ ብዙ ቅጂ እንዳለው የምታውቁት፣ በሙጫ የተጣበቀ መጽሔት ከሆነ ቁረጡት፣ አትሳሱ። ብርቅ ከሆነ ወይም እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትቁረጡ። ቆርጣችሁም ወረቀቱን አትጣሉት፤ ላስቲክ አስራችሁ ኤንቨሎፕ ውስጥ አስቀምጡት። ደግሞ በየትኛውም መንገድ ስካን ስታደርጉት ከገጹ ኋላ ጥቁር ወረቀት አድርጉ። የእነዚህ መጽሔቶች ወረቀት ስስ ስለሆነ የጀርባው ጽሑፍ ፊት ለፊት ይወጣል፣ ጥቁር ወረቀት ያንን በደንብ ያደበዝዘዋል። ምንም አይፈጅም፣ ለውጡ ግን ትልቅ ነው።

300፣ 400 ወይስ 600 ዲፒአይ?

ለንባብ ብቻ ከሆነ 300 ይበቃል። ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚለዩ ፕሮግራሞችም (ኦሲአር የሚባለው) በ300 ደህና ይሠራሉ። ታዲያ 600 ለምን?

አንደኛው ምክንያት ፎቶው ነው። መጽሔት ላይ የታተመ ፎቶ ሲያጎሉት የነጥብ መንጋ ነው። ስካነሩ ነጥቦቹን ለይቶ ለማየት በቂ ጥራት ከሌለው፣ የሱ ፒክስልና የኅትመቱ ነጥብ ይጋጩና ሥዕሉ ላይ ሞገድ የመሰለ ነገር ይፈጠራል። በ600 ነጥቦቹ ከሞላ ጎደል ይያዛሉ፤ ማለስለሱን በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ትጨርሱታላችሁ። ሞገዱ አንዴ ከገባ ግን ማውጣቱ ከባድ ነው።

ሁለተኛው የፕሮግራም ኮድ ነው። በዚያ ዘመን አንባቢው መጽሔት ላይ የታተመውን ኮድ መስመር በመስመር እየመታ ነበር ፕሮግራም የሚያገኘው። ኮዱ ብዙ ጊዜ በነጥብ ማተሚያ ወጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ቦታ እንዲቆጥብ አንሰው ያተሙት ነው። 8 እና ቢ፣ ዜሮ እና ኦ፣ ነጥብ እና ኮማ የሚለያዩት በአንድ ቁራጭ ቀለም ነው። ከዚህ የባሰም አለ፦ በ1985 የወጣው ኮዚን ሶፍትስትሪፕ የሚባለው ዘዴ ፕሮግራሙን በጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ነጥቦች ቀጭን ስትሪፕ አድርጎ ወረቀት ላይ ያትመዋል። ስካኑ ጥሩ ከሆነ ያ ስትሪፕ ዛሬም ወደ ፕሮግራም ይመለሳል። ካልሆነ ግራጫ ጭረት ብቻ ነው።

ዋጋው ቦታ ነው። አንድ ባለ ቀለም ገጽ ሳይጨመቅ በ300 ዲፒአይ 25 ሜጋባይት ገደማ፣ በ600 ደግሞ 100 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ባለ 300 ገጽ እትም በ600 ወደ 30 ጊጋባይት ተጠጋ ማለት ነው። ጥራት ሳይቀንስ መጨመቅ ትንሽ ያቀለዋል፣ ግን ያው ብዙ ነው። እኔ ለተራው ገጽ 400፣ ኮድና ጥቃቅን ነገር ላለበት ገጽ 600 እጠቀማለሁ። ሃርድ ዲስክ የማይቸግራችሁ ከሆነ ግን አታስቡ፣ ሁሉንም በ600። ጥቁርና ነጭ ብቻ በሚለው ምርጫ ግን በፍጹም ስካን አታድርጉ፤ ጽሑፍ ብቻ ያለውን ገጽም ቢሆን ቢያንስ በግራጫ አድርጉት።

ፋይሉን በምን እናስቀምጠው?

ሁለት የተለያየ ነገር አለ፣ ሰው ግን ያምታታቸዋል። አንዱ የሚቀመጥ፣ አንዱ የሚነበብ። የሚቀመጠው ቲፍ፣ ፒኤንጂ ወይም ጥራት ሳይቀንስ የተጨመቀ ጄፔግ 2000 ይሁን፤ ከሦስቱ የቱ ይሻላል በሚለው ጭቅጭቅ ጊዜ አታባክኑ። የሚነበበው ፒዲኤፍ ነው፤ ስልክም ኮምፒውተርም ይከፍተዋል፣ ከምስሉ ሥር የሚፈለግ ጽሑፍ ይይዛል። ሲቢዜድ የሚባለውም አለ፤ ምስሎቹ በዚፕ ታሽገው ማለት ነው። ለቀላልነቱ እወደዋለሁ፣ ግን የሚፈለግ ጽሑፍ አይይዝም።

ፒዲኤፍ ስትሠሩ አንድ ወጥመድ አለ። በ2013 ዴቪድ ክሪሰል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ አንዳንድ የዜሮክስ ማሽኖች ስካን ሲያደርጉ ቁጥር እንደሚቀይሩ አሳየ። 6 የነበረው 8 ሆኖ ይወጣል። ይሄ የኦሲአር ስህተት አይደለም፣ ማሽኑ ምስሉን ራሱን ነው የሚቀይረው። ምክንያቱ ጄቢግ2 የሚባለው የመጨመቂያ ዘዴ ነው፤ ይመሳሰላሉ ያላቸውን ፊደሎች በአንድ ምስል ይተካቸዋል፣ የተተካው ደግሞ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥርም። የቁጥር መዓት የተደረደረበት የኮድ ገጽ ላይ ይሄ መርዝ ነው። ስለዚህ የፒዲኤፍ ፕሮግራማችሁ ውስጥ ጥራት የሚቀንሰውን የጄቢግ2 ምርጫ አጥፉት።

ኦሲአሩን ደግሞ ለፍለጋ እንጂ ለኮድ አትመኑት። ኮዱን እንደ ጽሑፍ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው በእጁ ማረም አለበት። ደግነቱ አንዳንድ መጽሔቶች ራሳቸው ረድተውናል። ኮምፒውት የተባለው መጽሔት አሳታሚዎች በ1983 አንባቢው የመታውን መስመር ማረጋገጫ ቁጥር የምታሰላ ትንሽ ፕሮግራም አውጥተው ነበር፤ ትክክለኛውን ቁጥር ከኮዱ ጎን ያትሙታል። ያ ቁጥር ዛሬ የኦሲአርን ስህተት ለመያዝ ያገለግላል። ቁጥሯን ቆርጣችሁ እንዳታስቀሯት!

አሁን፣ የት?

ኢንተርኔት አርካይቭ በ1996 በብሩስተር ኬል የተመሠረተ፣ ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ነው። መጫን ነጻ ነው። ፒዲኤፍ ወይም ዚፕ የታሸገ ምስል ስትሰጡት ራሱ ኦሲአር ይሠራለታል፣ ገጽ እየገለጡ የሚያነቡበትን መስኮት ያዘጋጃል፣ የጫናችሁትን ዋና ፋይልም ሳይነካ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ስታወርዱ ሁሌም ዋናውን ፈልጉ፤ ራሱ የሚያዘጋጀው ፒዲኤፍ በጣም ስለሚጨመቅ ፎቶው ይጨማለቃል። ድክመቱ፣ ማንም ስለሚጭን አንዱ እትም አምስት ቦታ በአምስት ስም ይገኛል። ደግሞ አይነኬ አይደለም። በኦክቶበር 2024 በደረሰበት ጥቃት ለቀናት ተዘግቶ ነበር። በ2016ም ከመቶ የሚበልጡ የኔንቴንዶ ፓወር እትሞች ባለቤቱ ኩባንያ ሲጠይቅ ተነሥተዋል።

በአንድ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ያተኮሩ ድረ ገጾች ሌላ ዓለም ናቸው። ዎርልድ ኦፍ ስፔክትረም ለሲንክሌር፣ የዲኤልኤች ስብስብ ለኮሞዶር፣ ክላሲክ ኮምፒውተር ማጋዚን አርካይቭ ደግሞ እንደ አንቲክና ክሪኤቲቭ ኮምፒውቲንግ ያሉ መጽሔቶችን ጽሑፍ በፈቃድ አውጥቷል። የጎደለ እትም የሚያውቁት፣ የተሳሳተ ቀን የሚያርሙት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ችግሩ ብዙው በአንድ ወይም በሁለት ሰው ትከሻ ላይ መቆሙ ነው። ሰውየው ሲደክመው ወይም ክፍያው ሲያልፍ በቃ፣ ጠፋ።

ጉግል ቡክስ ላይ ኢንፎወርልድና ፒሲ ማጋዚን ሙሉ እትማቸው ይነበባል። ለፍለጋ ግሩም ነው። ግን የእናንተን ስካን አይቀበልም፣ እነዚያን እትሞች በቀላሉ ማውረድም አይቻልም፤ ስለዚህ ማጣቀሻ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። የጌም መጽሔት ከሆነ የያዛችሁት፣ ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በጃንዋሪ 2025 የከፈተው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ከ1,500 በላይ እትሞችን በሚፈለግ ጽሑፍ ይዟል፤ እዚያ የሌለውን ለይቶ መሥራት ያዋጣል።

የራስ ድረ ገጽስ? ቁጥጥሩ ያምራል፣ ዕድሜው ግን የእናንተን ትጋት ያህል ነው። ሰው የራሱን ድረ ገጽ በነጻ ይሠራበት የነበረው ጂኦሲቲስ በ2009 ሲዘጋ ስንት ሰው በእጁ የሠራው ገጽ አብሮ እንደሄደ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ቶረንት (ሰዎች ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚጋሩበት ዘዴ) ብቻውን ደግሞ የሚቆየው የሚያጋራ ሰው እስካለ ነው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ዋናው ፋይል ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። የሚነበበው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ። ከዚያ ለሚመለከተው የኮምፒውተር ድረ ገጽ ባለቤት «ይሄን አለኝ፣ ቅዳው» የሚል አጭር መልእክት። ከእነዚህ አንዱን ብቻ የመሥራት አቅም ካላችሁ ግን ሃርድ ዲስኩን ምረጡ። ከሱ ሌላውን ሁሉ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

የቅጂ መብት

መጽሔቱ መቆሙ መብቱን አያቆመውም። በአሜሪካ ሕግ በ1975 በኩባንያ ስም የታተመ ሥራ 95 ዓመት ይጠበቃል፤ የመጀመሪያው የባይት እትም ነጻ የሚሆነው በ2071 መጀመሪያ ነው ማለት ነው። የመጽሔቱ ተቀጣሪ ያልሆኑ ጸሐፊዎች ጽሑፍ ደግሞ የጸሐፊዎቹ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሦስት ምርጫ ነው ያለው። ባለቤቱን ፈልጎ ፈቃድ መጠየቅ፤ የቆመ መጽሔት ባለቤቶች አንዳንዴ ደስ ብሏቸው እሺ ይላሉ። ወይ ጭኖ «አንሡ» ሲባል ማንሣት፤ ብዙው ሰው የሚያደርገው ይሄንን ነው፣ አደጋውን ግን ራሱ ነው የሚወስደው። ወይ ስካን አድርጎ ሳይጭኑ ማስቀመጥ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይናቃል። ግን ወረቀቱ እየበሰበሰ 2071ን ከመጠበቅ፣ ፋይሉ ሃርድ ዲስክ ላይ ሆኖ ቢጠብቅ ይሻላል።

ስም አወጣጥ ላይ አልፈላሰፍም፦ የመጽሔቱ ስም፣ ዓመት፣ ወር፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ሽፋኑ ላይ ያለውን ቀን ተጠቀሙ፣ መቼ ገበያ ላይ እንደዋለ አትገምቱ። መግለጫው ላይ በስንት ዲፒአይ፣ በምን ስካነር እንዳነበባችሁት ጻፉ።

አንድ ገጽ ከጎደለም አትደብቁት። በቦታው ባዶ ነጭ ገጽ አስገቡና «ገጽ 87 እና 88 ከዚህ ቅጂ ተቀድደዋል» ብላችሁ ጻፉበት። ከቅጂዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ጀርባው ላይ በፖስታ የሚላክ ኩፖን ያለበት ገጽ ነው፤ ያኔ ሰው በመቀስ ቆርጦ ልኮታል። የሌላ ሰው ካርቶን ውስጥ ያለው ቅጂ ግን ኩፖኑ ያልተቆረጠ ሊሆን ይችላል፣ ያ ሰው ደግሞ የጎደለውን የሚያውቀው እናንተ ከጻፋችሁት ነው።